መራራው እስኪወርድ

እምዬ እሬት የምትቆርጠው በማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ ነበር። እምዬ የምላት አያቴን ነው። ቤቷ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ገጠር ውስጥ ነበር፤ እሬቱ የበቀለው ከበረቱ ጀርባ፣ ድንጋይ በበዛበት ጥግ ነው። ወደ መሬት የተጠጋውን፣ ወፍራሙንና ያረጀውን ቅጠል ትመርጣለች፤ ለጋውን አትነካም። በቢላዋ ከሥሩ ከቆረጠችው በኋላ ግን ወዲያው አትልጠውም። የተቆረጠውን አፍ ቁልቁል አዙራ በእንስራ ስባሪ ላይ ታቆመዋለች። ከቅጠሉ ቢጫ ፈሳሽ ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል። እኔ እጄን ሳማ ለብልቦኝ፣ እንባዬ ጉንጬ ላይ ደርቆ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

«አሁን ቀቢኝ፣ እምዬ።»

«ቆይ ልጄ። መራራው ይውረድ። መራራው ገላ ይበላል።»

ቢጫው መንጠባጠቡን ሲያቆም ቅጠሉን በውኃ ታጥበውና ትልጠዋለች፤ ከውስጡ ያለውን ጥርት ያለ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር በጣቷ አንሥታ እጄ ላይ ታሳርፈዋለች። አታሸውም፤ ታሳርፈዋለች። ከዚያ በፊት ደግሞ እጄን በቀዝቃዛ ውኃ አጥባዋለች፣ «እንዳታኪው» እያለች ጣቶቼን ይዛለች።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ነገሩን ሳነብ እያንዳንዱ ድርጊቷ ምክንያት እንደነበረው ተረዳሁ። የሳማ ፀጉር ጫፉ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ የሆነ ቀጭን መርፌ ነው፤ ቆዳን ሲነካ ይሰበርና ሂስታሚንን የመሰሉ የሚያሳክኩ ኬሚካሎችን ይረጫል። ሲያሹት ቆዳው ላይ የቀረው መርፌም አብሮ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያም አለማከክ። እሬቱም ሁለት ነገር ነው። ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ አሎይን የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል፤ ሲጠጣ ሆድን በኃይል ያስቀምጣል፣ የአንዳንድ ሰውንም ቆዳ ያስቆጣል። ከመሐል ያለው ጥርት ያለው ክፍል ግን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከመቶው 98 እጅ በላይ። የሚያቀዘቅዘውና ቆዳን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። እምዬ አሎይን የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም። መራራው እስኪወርድ መጠበቅን ግን ታውቃለች።

ይህን የምጽፈው እኔ ስላልጠበቅሁ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ቢሾፍቱ ዘመድ ቤት ሄደን ነበር። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ቁንጫ ክንዱንና አንገቱን ነካክሶት አደረ። ጠዋት ሲነሣ ቀያይ እብጠት በእብጠት ሆኖ፣ እያከከ ያለቅሳል። ቅባት ይዤ አልመጣሁም። በግቢው ውስጥ ግን ጤና አዳም ተንዠርግጎ በቅሏል። ጤና አዳም ከቡና ጋር አብሬው ያደግሁ፣ ሽታው ራሱ የእምዬን ቤት የሚያስታውሰኝ ቅጠል ነው፤ ስሙ ጤና፣ ሽታው ጤና። ምን ክፉ ነገር ይወጣዋል? አንድ እፍኝ ቀጠፍሁና በሙቀጫ ወቀጥሁት፤ ሎሚ ጨመቅሁበት። የልጄን ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው፣ አንገቱንም ከጆሮው በታች፣ በአራት ጣቶቼ ቀባሁት። በእርግጥም ማሳከኩ ቀለል አለለት። ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ ኳሱን ይዞ ወጣ፤ ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር በጥር ፀሐይ ሲሮጥ ዋለ።

በማግስቱ ማታ «እማዬ፣ ያቃጥለኛል» አለኝ። ቀልቶ ነበር፤ ቁንጫው ነው ብዬ አለፍሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጅጌውን ስገልጥ ውኃ የቋጠሩ ትልልቅ እብጠቶች አየሁ። ያስደነገጠኝ እብጠቱ ብቻ አይደለም፤ ቅርጹ ነው። አራት ረዣዥም መስመሮች፣ ጎን ለጎን፣ ከክርኑ እስከ አንጓው። የጣቶቼ መንገድ ነበር። ከጆሮው በታችም እንዲሁ፣ አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ሳይቀር ተጽፎበታል።

አዲስ አበባ ተመልሰን ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሟ ክንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

«ምን ቀብተውት ነበር?»

«ጤና አዳም። ከሎሚ ጋር።»

«ከዚያስ? ፀሐይ ላይ ዋለ?»

አዎ ስላት ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጤና አዳምም ሎሚም ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳላቸው፣ እሱ ቆዳ ላይ ተቀምጦ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ቆዳን እንደ እሳት እንደሚያቃጥል አስረዳችኝ። ቅጠሉ ጥላ ሥር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይጎዳም ነበር፤ ፀሐዩም ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፤ የሚታየውም በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ለዚህም ነው ሰው ምክንያቱን የማያውቀው። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁንጫውን ስረግም ነበር።

እብጠቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረቀ። ጠይሙ መስመር ግን በክንዱ ላይ ለወራት ቆየ። ገላውን ባጠብሁት ቁጥር አራቱን ጣቶቼን አያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ያሰብሁት ስለ እምዬ ነው። ጤና አዳምን በገላዬ ላይ ስትቀባ አይቼ አውቃለሁ? ደጋግሜ አስታውሼ አንድም ቀን አላገኘሁም። ቡና ላይ ትጨምረዋለች። ሆዴን ሲቆርጠኝ ከነፍሬው አሽታ ታጠጣኛለች። ለቆዳ ግን አልነበረም። «ጤና አዳም መድኃኒት ነው» የሚለውን ከእርሷ ወረስሁ፤ የምንና የመቼ መድኃኒት እንደሆነ የሚናገረውን ሌላውን ግማሽ ግን አልወረስሁም። ቅጠሉን ይዤ ሥርዓቱን ጥዬ ነበር የመጣሁት። ዛሬ በየስልካችን የሚዘዋወረውን የቤት ውስጥ ሕክምና ሁሉ ሳይ የማየው ይህንኑ ነው፤ ቅጠሉ አለ፣ ሥርዓቱ የለም።

ምችን አስቡት። ምች መታው ሲባል ዳማከሴ ተቀጥፎ ይመጣል፤ በመዳፍ ታሽቶ፣ ጭማቂው ፊትና ክንድ ይቀባል፣ ይሸተታል፣ ጥቂትም በቡና ይጠጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የረሳነው ቀሪውን ነው። እምዬ ዳማከሴውን ቀብታ ከጨረሰች በኋላ ጋቢ ታለብሰንና ጨለም ካለው ጓዳ ታስተኛናለች። እስኪነጋ በሩ አይከፈትም፤ በማግስቱም ፀሐይ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ምች በብዛት ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ያን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖርና ትኩሳት፣ ድካምና ፀሐይ ሲነካው ይቀሰቀሳል። ዕረፍቱና ጥላው የሕክምናው ጌጥ አልነበሩም። ከመድኃኒቱ እኩል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ሥራ የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ዛሬ ዳማከሴውን በታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን እንቀባዋለን።

ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንገቷ ላይ ጭርት ወጣባት፤ ክብ፣ ዳር ዳሩ ከፍ ያለ፣ መሐሉ የጠራ። ነጭ ሽንኩርት ፈንገስ ይገድላል ሲባል ሰምታ ጨፍልቃ በጨርቅ አሰረችውና አደረች። ጠዋት ጭርቱ ከሚያህለው ሦስት እጥፍ የሚሆን ቆዳ ተልጦ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ቆዳ ላይ ሲታሰር ያቃጥላል፤ የሚያቃጥለውም ያው ለፈንገሱ ጠንቅ የሆነው ንጥረ ነገሩ ነው። የብሳና ደም የሚባለውም ፈሳሽ በገጠር ለጭርትና ለቋቁቻ ይቀባል። የሚቀቡት አዋቂዎች ግን በእንጨት ጫፍ ነክተው ቁስሉ ላይ ብቻ ያኖሩታል እንጂ በመዳፍ አይለቀልቁትም። ቁልቋልና ቅንጭብን በተመለከተ ደግሞ ምንም ማመንታት የለብኝም፤ ወተታቸው ዓይን ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ልጅ ባለበት ቤት ለቆዳ ብሎ መንካት አይገባም። ለጭርት ፋርማሲ ውስጥ በትንሽ ዋጋ የሚገኝ ክሎትሪማዞል የተባለ ቅባት አለ። ምልክቱ ጠፋ ብሎ ሳያቋርጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከቀቡት ይድናል። ባልደረባዬም የዳነችው በዚሁ ነው፤ ያውም የነጭ ሽንኩርቱ ቁስል ከሻረ በኋላ።

እምዬን ስለምወዳት ሁሉም ነገሯ ትክክል ነበር አልልም። ቃጠሎ ላይ ተሳስታለች። እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን ስታነሣ እንፋሎቱ ክንዷን ሲመታት ወዲያውኑ ቅቤ ትቀባ ነበር፤ እኛንም እንዲሁ። ትኩስ ቃጠሎ ላይ ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ተሐዋስያንም ያስገባል። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቡና፣ ሁሉም ያው ነው። ትኩስ ቃጠሎ የሚፈልገው ውኃ ብቻ ነው፤ በረዶ ሳይሆን ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ እየፈሰሰ ለ20 ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዞ ያልሞከረው አያውቀውም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምንኖር ሰዎች ከጄሪካን በጆግ እየቀዱ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይቻላል፤ እኔ አድርጌዋለሁ። ቀለበትና አምባር ቆዳው ሳያብጥ በፊት ይወልቃል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ። ውኃ የቋጠረውን ማፍረጥ የለም። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከሆነ፣ ወይም ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ማር ግን ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ውኃን ከቁስሉ ይስባል፣ ጎምዛዛነት አለው፣ ሲቀጥን ደግሞ ጥቂት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ያወጣል። ሦስቱም ለባክቴሪያ አይመቹም። ሐኪም ቤቶች የሚጠቀሙበት የቁስል ማር በጨረር የጸዳ ነው፤ ከገበያ የገዛነውና ስኳር የገባበት ማር ከእርሱ ጋር አንድ አይደለም። ታጥቦ ለጸዳ ትንሽ ጭረት እንጂ ለጥልቅ ቁስል አላደርገውም።

የአገራችንን ዕፅ ማክበር ማለት ምን እንደሆነ ሳስብ የሚመጣልኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ወንዙ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ልብስ የሚያጥቡት እናቶች እንዶድን ለዘመናት ያውቁታል። እርሱ ግን አይቶ አላለፈም፤ ቀንድ አውጣውን ሰብስቦ፣ እንዶዱን መዝኖ፣ ምን ያህሉ በምን ያህል ውኃ እንደሚገድል ለካ። ያ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ነበርና ሥራው ዓለም አቀፍ ሆነ፤ በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እምዬም በራሷ መንገድ ትለካ ነበር፤ አንድ ቅጠል፣ አንድ እፍኝ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ መራራው እስኪወርድ። ያለ ልክ የሚቀባ እንዶድ ራሱ ቆዳን ያደርቃል፣ ዓይንን ያቃጥላል።

ልኩ የጠፋበት ሌላው ቦታ ደግሞ ሱቅ ነው፤ ይህ ያስቆጣኛል። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጥ፣ ማሸጊያው ላይ ቅጠል የተሳለበት፣ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ቅባት። በሦስት ቀን ማሳከኩን ድራሹን ካጠፋው፣ ፊትንም ካቀላው ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ከውስጡ ያለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ሜርኩሪም ይገኛል። ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ሲሆን ትልቅ መድኃኒት ነው። ሳይታወቅ ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ጭርት ላይ ሲቀባ ደግሞ መቅላቱን ደብቆ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት ይህን ሲቀቡ አይቻለሁ።

ታዲያ አሁን ቤቴ ውስጥ ምን አደርጋለሁ? በጣም ጥቂት ነገር። ለነፍሳት ንክሻ በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ፤ ጥፍር ማሳጠር፤ ቀን ቀን ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ማስጣትና ቁንጫውን ከሥሩ መዋጋት። ልጄ ክርኑና ጉልበቱ ማጠፊያ ላይ ችፌ ይወጣበታል፤ በበጋ ይብሳል። ለእርሱ አጃ አለኝ። ያልተቆላውን አጃ እንደ ዱቄት እስኪልም አስፈጫለሁ፤ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲበጠበጥ ውኃው እንደ ወተት ከነጣ ልሟል ማለት ነው፣ ከሥር ከዘቀጠ ደግሞ እንደገና ይፈጫል። ሁለት እፍኝ የሚሆነውን ለብ ባለ ውኃ ገንዳ ውስጥ በትኜ ልጄን ለሩብ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ የላመ አጃን ለቆዳ መከላከያነት እ.ኤ.አ. በ2003 ተቀብሎታል። ሲወጣ በፎጣ አልፈትገውም፤ ጠብ ጠብ አድርጌ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ቫዝሊን እቀባዋለሁ። ሙቅ ውኃና ሽታ ያለው ሳሙና ከቤታችን ወጥተዋል። የረዳው ከእያንዳንዱ ቅባት ይልቅ ይኸው በየቀኑ የሚደገመው ነገር ነው። ችፌ ከሥሩ የሚነቀል አይደለም፤ ሲቀሰቀስ ሐኪሟ ያዘዘችልንን ቅባት ለታዘዘው ቀን ያህል እንጠቀማለን።

ቤት ውስጥ የማልነካቸውም አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚያከክ ከሆነ፣ በጣቶች መሐል ሽፍታ ካለ፣ እከክ ነው፤ የሚያሳክካቸውም የማያሳክካቸውም በአንድ ቀን ካልታከሙና ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ካልታጠበ ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ተዘርግቶ የሚያቃጥለው አልማዝ ባለጭራ ደግሞ የቫይረስ በሽታ ነው፤ የልጅነት ጉድፍ የሚያመጣው ያው ቫይረስ ነው። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ዓይን አካባቢ ከወጣ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል። አዋቂ ፍለጋ ሦስት ቀን ሲንከራተቱ ዓይናቸውን የጎዱ ሴት አውቃለሁ። ነጣ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለም ቋቁቻ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ በጊዜ ከታከሙት ጉዳት ሳያደርስ ይድናል።

እምዬ ካረፈች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ከበረቷ ጀርባ ካለው እሬት ሥር አጎቴ አንድ ቡቃያ ነቅሎ በፌስታል አምጥቶልኝ ነበር፤ በዘይት ቆርቆሮ ተክዬው በረንዳችን ላይ አድጓል። ባለፈው እሑድ ልጄን ትንኝ ነካከሰችው። ቢላዋውን ይዤ ስወጣ ተከተለኝ፤ ከሥር ያለውን ወፍራም ቅጠል ራሱ መርጦ አሳየኝ። ቆረጥሁለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አፉን ቁልቁል አዙሮ፣ የተሰነጠቀ ሲኒ ውስጥ አቆመው። ክንዱ ላይ መስመሮቹ ጠፍተዋል፤ እኔ ግን የት እንደነበሩ አውቃለሁ።

«ይሄኛው ፀሐይ ይከለክላል?» አለኝ።

«አይከለክልም። ግን ጥላ ሥር እንሁን።»

ወንበሩን ወደ ግድግዳው ጥላ ሳበው። አጠገቤ ተቀምጦ ሲኒው ውስጥ የሚወርደውን ቢጫ ጠብታ መቁጠር ጀመረ።